የፈሪት ተራ

ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ ደረጃውን እሺ አለ? የግራ ጆሮሽ ጩኸትስ? አዲሱ መነጽር አፍንጫሽን መቁረጡን ተወ? የታችኛው ቤት ተከራይ መስኮቱን አሠራልሽ? የልጅ ልጅሽን ሳሉ ለቀቃት? ባለፈው ደብዳቤ አምስት ነገር ጠይቄሽ ሁለቱን ብቻ ስለመለስሽልኝ፣ ሦስቱን ደግሜ ሁለት ጨምሬበታለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ስኳሬ ልኩን ይዟል፤ እንቅልፌም አይከፋም። ጭንቅላቴ ግን ሰሞኑን የተዘረገፈ መሳቢያ መስሏል። ይኸን የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንደኛው ቀን ጆሮሽ ጮኸብሽ፤ ሁለተኛው ቀን እኔ ራሴ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከመጀመሪያው ጀምር እያልኩ የሰው ልጅ ሳስጨንቅ ኖሬ፣ አሁን መጀመሪያው የቱ እንደሆነ አላውቅም። እንግዲህ ከውሻው ልጀምር።

ሻለቃን ታውቂዋለሽ፤ ባለፈው ስትመጪ ጫማሽ ላይ ተኝቶ አላስነሳ ያለሽ ነው። ረጋ ያሉ ውሾችን እየፈተነ ወደ ሕሙማንና ወደ ተማሪዎች የሚልክ አንድ ማኅበር አለ፤ እዚያ ወሰድኩት። ፈታኙ ከኋላው የድስት ክዳን ወለሉ ላይ ለቀቀበት። ሻለቃ አንድ ዓይኑን ገልጦ አየና መልሶ ጨፈነ። ፈታኙም ይኼ ከእናቱ ሆድ ጡረታ ወጥቶ ነው የመጣው ብሎ አሳለፈው፤ አረንጓዴ ሰደርያም ሰጡት። ከዚያ ወዲህ በየረቡዑ እኔ በከዘራዬ፣ እሱ በሰደርያው፣ ድሮ ወዳስተማርኩበት ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ልጆቹ ሁለቱ ጡረተኞች መጡ ይሉናል።

የምንገባው ሦስተኛ ክፍል ነው። መምህርቷ የኔው ተማሪ ነበረች። ልጆቿ አሥራ አራት ናቸው፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን ክፉዎች ናቸው ብላ ነበር የጠራችኝ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይስቃል፤ አንዱ እርሳስ ሲጠፋው ሌላው ይደብቃል። ደግነትና መስጠትን በሻለቃ በኩል ያስተምሩልኝ አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ፤ ደግነትን ከማካፈልና ከማባዛት ለይቼ አላየሁትማ።

ሥርዓት የሌለው ነገር እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። በየረቡዑ ሰባት ልጆች ተራ በተራ ጥግ ላይ በተነጠፈችው ምንጣፍ ከሻለቃ ጋር ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዱ አራት ደቂቃ፣ በእጅ ሰዓቴ። የቀሩት ሰባት በሚቀጥለው ረቡዕ። ሊዳብሱት፣ ሊያበጥሩት ወይም መጽሐፍ ሊያነቡለት ይችላሉ። መስጠትን ለማስተማር ደግሞ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ ተራውን ለሌላ መስጠት የሚፈልግ ልጅ ቆሞ ለማንና ለምን እንደሚሰጥ ይናገራል፣ እኔም በደብተሬ ከስሙ ፊት «ሰጠ» ብዬ እጽፋለሁ። ተራውን የማይፈልግ ካለ ግን ደቂቃው እንዳይባክን አጠገቡ ለተቀመጠው ያልፋል። ይህ አይጻፍም፤ መስጠት አይደለምና።

በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉ ገበያ ሆነ። አንዷ ስላዘነ ነው ብላ ተራዋን ለአንዱ ሰጠች፤ ልጁ ግን ጥርሱን ሁሉ አውጥቶ ይስቃል። ኋላ ስመረምር ለካ ሁለት ላጲስ ከፍሏታል። ሌሎቹ ዛሬ እኔ ልስጥህ፣ በሚቀጥለው አንተ ትሰጠኛለህ እየተባባሉ ተዋውለዋል። ጠበቃው የሚሉት አንድ ጉንጨ ትልቅ ልጅ አለ፤ እሱ እጁን አውጥቶ፣ ጋሼ፣ «ሰጠ» የሚለው ብዙ የተጻፈለት ምን ያገኛል አለኝ። ምንም አልኩት። ታዲያ ለምን ይጻፋል አለኝ። ቁጭ በል አልኩት። መልስ ሲጠፋኝ ቁጭ በል እንደምል ድሮም ታውቂያለሽ። መምህርቷ በሩ ላይ ስትሸኘኝ፣ ጋሼ፣ ደግነት አስተምሩልኝ ብዬ ንግድ አስተማሩልኝ ብላ ሳቀችብኝ።

ከአሥራ አራቱ መካከል በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ልጆች ነበሩ። ወንዱ ይንተባተባል። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ሲያዝበት ልጆቹ ከኋላ የማይነሳ ሞተር ድምፅ ያሰሙበታል፤ ስሙም ሞተር ሆኖ ቀርቷል። አንድ ዓመት ደግሟል። በዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ካላነበበ ወደ አራተኛ አያልፍም፤ አምና ያስደገመውም ይኸው ነው። ዘንድሮ ካቃተው እናቱ ከትምህርት ቤት አውጥታ ከአጎቱ ጋር ጎሚስታ ቤት ልታስገባው ቆርጣለች።

ይህ ልጅ ለሻለቃ ሲያነብ አይንተባተብም። የመጀመሪያው ቀን መምህርቷ ጠመኔዋን ይዛ እንደቆመች ቀረች። ሻለቃ አያርምም፣ አይቸኩልም፣ አይስቅም። ርዕሰ መምህሩን ለምነን፣ ፈተናውን በመጨረሻው ረቡዕ ሻለቃ አጠገቡ ተኝቶ እንዲወስድ ተፈቀደለት።

አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ ውሻ ትፈራለች። ተራዋ በደረሰ ቁጥር ብድግ ብላ፣ ጋሼ፣ እኔ እፈራለሁ፣ ይለፈኝ ትላለች። በደንቡ መሠረት ተራዋ አጠገቧ ለተቀመጠው ያልፋል፤ አጠገቧ ያለው ደግሞ ሞተር ነው። የሷ ተራ አንዱን ረቡዕ፣ የሱ ሌላውን ስለሆነ፣ ልጁ በየሳምንቱ ሲያነብ ከረመ። ልጆቹ ፈሪት ብለው አወጡላት። ሻለቃ እኮ ጥርስ የለውም፣ በድዱ ነው የሚበላሽ ይሏታል። ተመልሳ ቁጭ ትላለች። እኔም በደብተሬ «ትፈራለች፤ አልሰጠችም» ብዬ አምስት ጊዜ ጽፌባታለሁ። ዝም ብዬም አልጻፍኩ፤ ድፍረት እንዲያድርባት ብዬ አንድ ሁለቴ በልጆቹ ፊት መክሬያታለሁ።

ሁለት ረቡዕ ሲቀረን ዝናብ ነበር። ትምህርት ቤቱ ስደርስ ሁልጊዜ ሻለቃን በር ላይ ለዘበኛው ትቼ ጸሐፊዋ ቢሮ እፈርማለሁ። ያን ቀን ጸሐፊዋ ስላልነበረች ቶሎ ተመለስኩ። ልጅቷ ከዘበኛው ቤት ጥላ ሥር ቁጢጥ ብላለች። ግንባሯን ከሻለቃ ግንባር ጋር አግጥማ፣ እጇን ከግራ ጆሮው ሥር አስገብታ ታክክለታለች። ያ ቦታ እንደሚጣፍጠው ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እሱም ክብደቱን ሁሉ ጥሎባታል። ዛሬም ለሱ ነው፣ ሁለት ገጽ ብቻ ነው የቀረው ስትለው ሰማሁ። ሳታየኝ ወደ ክፍሏ ሮጠች። ዘበኛውን ብጠይቀው፣ እንዴ፣ እሷማ የሻለቃ ወዳጅ አይደለች እንዴ፣ በየረቡዑ ናት እኮ፣ እርስዎ አያውቁም ነበር ወይ አለኝ።

እታለም፣ አሁን የማፍርበት ላይ ደርሻለሁ። እኔ ትክክል የሆነ ነገር አይቼ ምልክት ሳላደርግበት ማለፍ አልችልም። ስህተትም እንደዚያው። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መልሼ የላክሁልሽ ሰው ነኝ። አንቺም በሚቀጥለው ደብዳቤሽ አመሰግናለሁ መምህር ብለሽ ጻፍሽልኝ። እንደ ምስጋና ነበር ያነበብኩት።

እናም ክፍል ገባሁና ልጆቹን ጸጥ አሰኝቼ ተናገርኩ። እውነተኛ መስጠት ማየት የሚፈልግ ፈሪትን ይይ አልኩ። እሷ ውሻ አትፈራም፤ ጓደኛዋ እንዲያነብ ብላ ነው ይህን ሁሉ ሳምንት ስድብ ችላ ተራዋን የሰጠችው፣ ሳይጻፍላት የሰጠች እሷ ብቻ ናት አልኩ። የሚያጨበጭቡ መስሎኝ ነበር።

ከኋላ አንዱ፣ አዝናለት ነው አለ። ሌላው ደግሞ፣ ሞተር በልመና ነው ለካ የሚነሳው አለ። ልጁ የከፈተውን መጽሐፍ ዘጋው። ወደ ምንጣፏ አልሄደም። እሷ ቀና ብላ አየችኝ፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ተማሪ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ከትምህርት በኋላ በር ላይ ጠብቃ፣ ጋሼ፣ ማን ይንገሩ አለዎት አለችኝ። ጥሩ ነገር መደበቅ የለበትም አልኳት። እሷም፣ የራሱ መስሎት እኮ ነበር የሚያነበው አለችኝና ሄደች።

በሚቀጥለው ረቡዕ ተራው የራሱ የልጁ ነበር። አልቀመጥም አለ። መምህርቷ በስንት ልመና አስነሳችው፤ ምንጣፏ ላይ ቁጭ ብሎ መጽሐፉን ይዞ አራቱን ደቂቃ ጨረሰ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሻለቃ አገጩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቀዋል። ሰዓቴን ማየት አቃተኝ። እናቱ ቅዳሜ መጥታ መምህርቷን፣ በቃ አትልፉ፣ ለአጎቱ ነግሬዋለሁ አለቻት።

ያን ሳምንት እንዴት እንደሰነበትኩ አትጠይቂኝ። ደብተሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። «ትፈራለች» የሚለውን ልሰርዝ እላለሁ፤ በምን ልተካው? «ሰጠች» ብዬ ብጽፍ፣ ሰጠች ብዬ ስለተናገርኩ አይደል የወሰድኩባት? ልጁን ጠርቼ ላስረዳው ብዬ ተነሳሁ፤ ምን ብዬ? አዝናልህ አይደለም ልበለው? አዝና ይሁን ወድዳ በምን አወቅሁ? እውነቱን ደጋግሜ ባስረዳሁ ቁጥር ይብስ እንደሚመርር ታየኝ። የሚቀረው ሌላው መንገድ ነበር። እኔና ውሸት ደግሞ አንተዋወቅም።

በመጨረሻው ረቡዕ ክፍል ገብቼ እንዲህ አልኩ። ልጆች፣ ያን ቀን የተናገርኩት ስህተት ነው። ፈተናው ከሻለቃ ጋር ስለሆነ፣ ይህ ልጅ በየረቡዑ እንዲያነብ እኔው ራሴ ደብተሬ ላይ ጽፌለት ነበር፤ የማንንም ተራ አልወሰደም። ረስቼው ነው። ፈሪትም ፈሪ ናት፤ በር ላይ ያየኋት ራሷን ለማለማመድ ስትፍጨረጨር ነው። እርጅና ነው ልጆች፣ ሰሞኑን ብዙ ነገር ይምታታብኛል አልኳቸው።

ጠበቃው ደብተሩን ልየው አለ። ከእሱ ሌላ ምን ትጠብቂያለሽ። መምህርቷ ቀደም ብላ ከእጄ ወሰደችው፤ አራተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቃል ኮረጅሽ ብዬ ወላጅ ያስጠራሁባት ልጅ ናት እሷ። ገለጠች። ምንም አልተጻፈም። ረጅም ጊዜ አየችና፣ አዎ፣ ይኸው እዚህ አለ፣ ጋሼ ረስተውት ነው አለች። ደብተሩን ዘግታ በብብቷ ያዘችው።

ጠበቃው አልለቀቀኝም። ታዲያ እኛ ስንረሳ አሥር ጊዜ እንጽፍ የለ አለ። ልክ ነህ አልኩት። ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ «ደብተሬን በጥንቃቄ እመለከታለሁ» ብዬ አሥር ጊዜ ጻፍኩ። ልጆቹ አብረው ይቆጥሩልኛል። ስድስተኛው ላይ ክንዴ ደከመኝ፤ ሰባተኛው ላይ መስመሩ ተንጋደደና ከሳቃቸው የተነሳ ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። ዞር ስል ልጁም ይስቃል። አጠገቡ ፈሪት አትስቅም፤ እኔን ታየኛለች፣ ግን ያን ቀን እንዳየችኝ አይደለም።

ርዕሰ መምህሩ ሲገባ ልጁ ሳይጠራ ተነስቶ ምንጣፏ ላይ ተቀመጠ። አንዲት ገጽ አነበበ። ሦስተኛው መስመር ላይ ተያዘ፤ እጁን ከሻለቃ ጀርባ ላይ አሳረፈ፣ ቆየ፣ ቀጠለ። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ አንዴ። ጨረሰ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። አለፈ፣ እታለም።

ደወሉ ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ልጁ ከምንጣፏ ሳይነሳ ፈሪትን ጠራት። ነይ፣ አይነክስሽም፣ እኔ እይዝልሻለሁ አላት። እፈራለሁ አለችው። እጅሽን ብቻ ስጪኝ አላት። ክፍሉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። ሄደች። እያመነታች፣ አንድ እርምጃ ወደፊት አንድ ወደኋላ እያለች ሄደች። ልጁ በአንድ እጁ የሻለቃን ማሰሪያ ይዞ፣ በሌላው የሷን አንድ ጣት ወስዶ ጀርባው ላይ አስቀመጠላት። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ያ ሞኝ ሻለቃ ጅራቱን ወለሉ ላይ እየደበደበ፣ ፊቷን ሊልስ እየተነጠራራ ሊያጋልጣት ነበር፤ ልጁ ግን፣ አየሽ፣ ወደደሽ እኮ፣ ቀስ ብለሽ እንዲህ አድርጊ እያለ ያስተምራታል። ቃሉ አንዴም አልተያዘበትም። እሷም ጭንቅላቷን እየነቀነቀች፣ እንዲህ ነው እያለች ትጠይቀዋለች። ቀስ በቀስ አምስቱንም ጣቶቿን አሳረፈች። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሱ ከፈተናው ይልቅ በዚህ ኮራ።

እኔ ደብተሬን ይዤ ቆሜአለሁ። በዚያ ምንጣፍ ላይ ማን ለማን እንደሰጠ ብትጠይቂኝ አልነግርሽም፤ አላውቀውማ። ዓምዱን ባዶ ትቼ ወጣሁ። እስካሁንም ባዶ ነው።

ትናንት ርዕሰ መምህሩ ቤቴ ድረስ መጣ። ወንበር ላይ በጎኑ ተቀምጦ ብዙ ካመሰገነኝ በኋላ፣ ለሚመጣው ዓመት ጋሼን ከምናደክም ማኅበሩ ወጣት ሰው ቢልክልን ምን ይመስልዎታል አለኝ። መርሳት መጀመሬን ሰምቷል። ወላጆችም ሰምተዋል። ጎረቤቴ ሳትቀር ዛሬ ጠዋት በሩን ቆልፈሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልረሳሁም ልለው አፌን ከፈትኩ። ደብተሩን ባሳየው በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ለሌሎቹ መምህራን ይነግራል፣ አንዱ ልጅ ይሰማል፣ ጠበቃው አለ። መልካም አስበዋል አልኩት። ረቡዕ ሲመጣ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ሻለቃም ሰደርያው የተሰቀለበትን ምስማር እያየ ይጠይቀኛል።

ይኸን ሁሉ ለምን ላንቺ እንደምጽፍ ታውቂ ይሆናል፤ እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። ትናንት እንግዳው ከሄደ በኋላ የእናታችን እግር የታመመበት ዓመት ትዝ አለኝ። አንዳችን ቤት መቅረት ነበረብን። አንቺ ሰባተኛ፣ እኔ ስድስተኛ ነበርን። አባባ ገና ሳይጨርስ አንቺ ብድግ ብለሽ፣ እኔ ድሮም ትምህርት ያስጠላኛል፣ ፊደሉ ጉንዳን ይመስለኛል፣ እንኳን ገላገላችሁኝ አልሽ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት ልብስ እያጠብሽ የተማርከውን አስረዳኝ ትዪኝ ነበር። አስረዳሽ ነበር። የማትረጂው ነገር ነበረሽ፤ እዚህ ጋ አልገባኝም፣ ድገምልኝ ትያለሽ። ስደግመው ለራሴም ይጠራልኝ ነበር። አንቺ ያን ሁሉ አምና ተምረሽው እንዳለፍሽ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። ትናንት ቁጭ ብዬ የማስታውሳቸውን ሁሉ ቆጠርኩ፤ አልገባኝም ያልሽኝ ሁልጊዜ እኔ የተሳሳትኩበት ቦታ ላይ ነበር።

ምንም አልጠይቅሽም። ይህን ክፍል ከአምስቱ ጥያቄዎች ጋር አትቁጠሪው፤ መልስም አትጻፊበት። አንቺ ትምህርት ትጠይ ነበር። ለልጆችሽም፣ ለማንም ሰው ቢሆን፣ ስጠየቅ የምናገረው ይህንኑ ነው።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ጆሮሽን ጸጥ ያድርግልሽ። የልጅ ልጅሽ ድና ስትስቅ ለማየት ያብቃሽ፤ ቤትሽ ሰው አይታጣበት። መስኮቱ ካልተሠራ ንገሪኝ፣ እኔው መጥቼ ተከራዩን አናግረዋለሁ። ለዚህ እንኳ ገና አልደከምኩም።

ታናሽ ወንድምሽ